የተናጠው ሰው

የኑግ ሽታ እስከ ዛሬ አልወድም። ያስገቡኝ ክፍል እኛ ከመምጣታችን በፊት የቅባት እህል መጋዘን ነበር። አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጥግ፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ። በየስንጥቁ የቀረው ኑግ ከሰው ላብና ከሽንት ባልዲው ጋር ተደባልቆ ይሸታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰዎቹን አየሁ። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው፣ አዲስ የመጣውን ለማየት አንገታቸውን አዙረዋል። አንዱ ቦታ እየለቀቀልኝ «እግዜር ያስፈታህ» አለኝ። በዚያ ቤት ሰላምታው ይኸው ነበር።

የያዙኝ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ከእህቴ ቤት ነው። የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ሆስፒታል ገብተን በሽተኛ መንካት ከጀመርን ገና ዓመት አልሞላንም። ቤቱን ሲፈትሹ ቦርሳዬን ከአልጋ ሥር ጎተቱ። ነጭ ጋውንና የልብ ማዳመጫ ወጣ። ጋውኑን ወለል ላይ ጣሉት። ማዳመጫውን ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ እንደ ሞተ እባብ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የልብ ማዳመጫ ነው።»

«የማንን ልብ ነው የምታዳምጥበት?»

የቀለደ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ ብዙ አስገረፈችኝ። ከዚያ በኋላ ባቀረቡኝ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነበር፤ የቆሰሉ ጓዶችህን የት ቤት እየሄድክ ነው ያከምከው? የቆሰለ ሰው አላከምኩም። ማዳመጫ ደግሞ ቁስል አያድንም፤ ይህን ለማስረዳት ግን የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ማዳመጫዬ ኤግዚቢት ተብሎ በሊቀመንበሩ ቢሮ ግድግዳ፣ ምስማር ላይ ተሰቀለ።

ቦታ የለቀቁልኝ ሰው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ፍሬን ያዥ። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ጋሼ እላቸው ነበር። የተከሰሱት ከድሬዳዋ በሚመጣ ፉርጎ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት አሳልፈሃል ተብለው ነው። እኔ ከመድረሴ ጥቂት ቀደም ብሎ ከመግረፊያው ክፍል በሁለት ዘበኛ ተደግፈው ተመልሰዋል። በጀርባቸው መተኛት አይችሉም። ቀንም ሌሊትም ግድግዳውን ተደግፈው፣ ወደ ቀኝ ጎናቸው ዘመም ብለው ይቀመጣሉ። ያን ሰማያዊ የባቡር ጃኬታቸውን፣ ቤቱ በሰው ትንፋሽ እየጋለ እንኳ፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚውሉት። ንግግራቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ሁለት ቃል፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ሁለት ቃል። ቀልዱን ግን ትንፋሽ ስላነሳቸው አልተዉትም።

«ወቀጡኝ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ውሃ ቢወቅጡት... እንቦጭ ነው። ምንም አላገኙም።»

ለበሽተኛ የሚመጣልን አንድ ድሬሰር ነበር። ለሆድ ቁርጠትም፣ ለተሰበረ አጥንትም፣ ለትኩሳትም የሚሰጠው ያችኑ አንዲት ነጭ ክኒን ነው። ጋሼን ከበሩ ላይ ሆኖ አየና «ብርድ ነው» አለ። ሁለተኛ ሲመጣ ደግሞ እሱም ሰለቸው መሰለኝ፣ «ያስመስላል። ለምርመራ እንዳይጠራ ነው» ብሎ ለሊቀመንበሩ ነገረ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቢሞቱ እንኳ እያስመሰሉ ነው የሚሞቱት።

እኔ ግን ከንፈራቸው ሲጠቁር እያየሁ ነው። ጀርባቸውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ከላይ እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል፤ ወደ ታች ስወርድ ድንጋይ የመታሁ ያህል ዝም ይላል። ጎድናቸው ተሰብሮ ሳንባቸውን ወግቷል፤ ደም ከታች፣ አየር ከላይ ሆኖ ሳንባቸውን እየጨፈለቀው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ከሆነ፣ ቱቦ ገብቶ ካልተቀዳላቸው አይተርፉም። መጠርጠር ግን የትም አያደርስም። በዚያ ቤት የተማሪን ጥርጣሬ ሰምቶ እስረኛ ሆስፒታል የሚልክ ማን አለ?

ያኔ አንድ የክፍል ትምህርት ትዝ አለኝ። አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር መምህር ነበሩን፤ ጥንታዊ ነገር ይወዳሉ። ድሮ፣ ራጅ ሳይኖር፣ ማዳመጫ እንኳ ሳይሠራ፣ የግሪክ ሐኪሞች በሽተኛውን አስቀምጠው ትከሻውን ይዘው ይንጡት ነበር አሉን። ጆሯቸውን ከጎድኑ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ደረቱ ውስጥ ውሃና አየር አንድ ላይ ካሉ፣ እንዳልሞላ እንስራ ይንቦጫረቃል። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «ቅቤውስ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳቃችንን ምን እንዳመጣው አልገባቸውም። «ግድ የለም፣ ሳቁ» አሉ። «ለታሪክ ያህል ነው የነገርኳችሁ፤ አትሠሩበትም።»

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። «ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ ልንጥዎት ነው።»

«ምን ልታደርገኝ?»

«ትከሻዎን ይዤ ልንጥዎት። ያምዎታል፤ ግን ውስጡ ያለውን እሰማዋለሁ።»

«ሲወቅጡኝ ከረሙ፤ ደግሞ... መናጥ መጣ?» አሉ። ከዚያ የጃኬታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። «በል ናጥ። አንተ እንኳ... ታስፈቅዳለህ።»

በሌላው ጎን ትከሻቸውን የያዘልኝ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣ ወፍራም ሰው ነው። እዚያው አቃቂ ዳር፣ ድሮ ገጠር በነበረው ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ አፉ የማያርፍ። «እንደሱ አይናጥም» እያለ ያርመኛል። «እናቴ ብታይህ ቅሉን ከእጅህ ትቀማህ ነበር። ቀስ ብለህ ነው የሚጀመረው።» ጆሮዬን ከጋሼ ጀርባ ለጥፌ፣ ቀስ ብለን ጀመርን። ጋሼ ጥርሳቸውን ነከሱ። ከዚያ ሰማሁት። ከቀኝ ትከሻ አጥንታቸው ሥር፣ ጥርት ብሎ፣ ተንቦጫረቀ።

ደስ አለኝ። በሰው ደረት ውስጥ ደም ተኝቶ ሰምቶ ደስ የሚለው የሕክምና ተማሪ ብቻ ነው።

ቤቱ ሁሉ ይጠብቀኛል። «አለ» አልኳቸው። ይሄኔ ወፍራሙ ሰው ሸሚዙን ገለጠ። «እስቲ እኔን ናጠኝ። በምን ይታወቃል?» እምቢ ልል ስል ሌሎቹ ትከሻውን ይዘው መናጥ ጀመሩ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ተንቦጫረቀ። ከጋሼ ይልቅ ጮክ ብሎ ተንቦጫረቀ፤ በር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙት።

«እንግዲያ እኔም ሟች ነኛ» አለ ሰውየው፣ ቀስ ብሎ።

ያን ያህል የሳቅንበት ቀን በዚያ ቤት አልነበረም። ሰው ሰውን እየያዘ ይንጣል፤ ጆሮ ለሆድ፣ ጆሮ ለጀርባ። ግማሹ ሰው ተንቦጫረቀ። እኔ ላቤ ወረደ። መምህሬ የነገሩኝን ሁለተኛውን ነገር ሳቄ አስረስቶኝ ኖሮ ያኔ ነው የመጣልኝ፤ ውሃ የጠጣ ሰው ሆዱም ይንቦጫረቃል። ወፍራሙ ሰው አንድ ጣሳ ውሃ የጨለጠው ገና አሁን ነው። ጋሼም ጎናቸውን ይዘው፣ እያመማቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ባቡር ሲያልፍ ደግሞ... ሳትነኩኝ ነው የምናጠው» አሉ።

ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ ያየው ያንን ነው። ሊሞት ነው የተባለው ሰውዬ ሲስቅ።

ሊጠሩን እንደሚችሉ ገብቶናል። ለጋሼ «ከአሁን ጀምሮ ውሃም ምግብም አይቅመሱ» አልኳቸው። ትኩሳት እያነደዳቸው እሺ አሉ። ወፍራሙ ሰው ጣሳውን ከአጠገባቸው አንስቶ ጀርባው ሥር ደበቀው፤ የራሱንም ውሃ በፊታቸው አልጠጣም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እኔንና ጋሼን ወሰዱን። ሊቀመንበሩ በዕድሜ ከኔ ብዙ አይበልጥም። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ፣ ድሬሰሩ አጠገቡ፣ ማዳመጫዬ ከራሱ በላይ ምስማሩ ላይ።

«ሲስቅ ዋለ አሉኝ፣ ያንተ በሽተኛ» አለኝ።

«ሳቅ ሳንባ አያድንም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ምንድን ነው የምትጫወቱት?»

አስረዳሁት። ድሬሰሩ ሳቀ። «በዚህ ሙያ ስኖር ሰው ተንጦ ሲታከም አላየሁም፣ ጓድ። ውሃ የጠጣ ሆድ ሁሉ ይንቦጫረቃል። የፋብሪካው ሰውዬም ተንቦጫርቋል ነው የሚሉት ዘበኞቹ።»

እውነቱን ነው። የሚያናድደው እሱ ነበር፤ የሚያውቃትን አንዲት እውነት ያወጣት ሰው ለመግደል ነው። «እኚህ ሰው ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሱም» አልኩ። «ድምፁም ከሆዳቸው አይደለም፣ ከጀርባቸው ነው። ደም ነው። ተቀድቶ ካልወጣ ይመግላል፤ ይሞታሉ።»

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረው። «እኔ በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም። ከሰማሁ ሆስፒታል ይሄዳል። ካልሰማሁ ሁለታችሁም ዛሬውኑ ወደ ጓዳ ትገባላችሁ።» ጓዳ የሚለው መግረፊያውን ክፍል ነው።

ምስማሩን ቀና ብዬ አየሁ። «ያንን ማዳመጫ ቢፈቅዱልኝ የተሻለ ይሰማሉ።»

እሱም ቀና ብሎ አየው። «ማስረጃ አይነካም» አለ።

ስለዚህ ኮፍያውን አውልቆ ከጠረጴዛው ዞሮ መጣ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጃኬታቸውን ፈቱ፤ ሸሚዛቸውን ገለጡ። ግርፋቱ ጀርባቸው ላይ ገና አልደረቀም። ሊቀመንበሩ ተንበረከከ፤ ጆሮውን የት እንደሚያደርግ ግን አላወቀም። ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ ያስገረፈው ሰው የተሰበረ ጎድን ላይ አሳረፍኩት። ፀጉሩ ለስላሳ ነበር፤ ገና ጠዋት ታጥቧል።

ልንጥ ትከሻቸውን ስይዝ ባቡር መጣ። ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ጩኸት ውስጥ ምንም አይሰማም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ቢነሳ ቦታው ሊጠፋው ነው፤ ስለዚህ ጆሮውን እንደለጠፈ ተንበርክኮ ቀረ። ድሬሰሩ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጋሼ አንገታቸውን ሳያዞሩ «ትንሽ ይታገሡ፣ ጓድ» አሉት። «የዕቃ ባቡር ነው። ጅራቱ... ረጅም ነው።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚሰማው የጋሼን ልብ ነው። ሌላ ምን ሊሰማ ይችላል? ባቡሩ እየራቀ ሲሄድ ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቀስ ብሎ «ይተንፍሱ» አላቸው። እስከዚያች ቀን አንቱ ብሏቸው አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አላለም።

ናጥኳቸው። ተንቦጫረቀ።

ብድግ አለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ መሰለኝ፤ ለአፍታ ነው። ከዚያ ገበያ ላይ ያልታየ ዕቃ እንዳገኘ ሰው አፉ እስከ ጆሮው ተከፈተ። «እንደ ጀሪካን እኮ ነው!» ወደ በሩ ሄዶ ዘበኞቹን ጠራ። «ኑ፣ ኑ ስሙ። አንተም ና።» ጠመንጃቸውን ግድግዳ እያስደገፉ ገቡ። የመጀመሪያው ጆሮውን ለጠፈ። «ድገመው» አለኝ ሊቀመንበሩ። ደገምኩት። ዘበኛው ሳቀ። ጋሼ የታች ከንፈራቸውን ነክሰው ደም አውጥተዋል። ሁለተኛው ዘበኛ ተንበረከከ። «ድገመው።»

እጄን ከትከሻቸው ላይ አንስቼ ወደ ኋላዬ አደረግሁት። በፍርሃት ይሁን በንዴት እንጃ፤ ብቻ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«ድገመው አልኩህ።»

ጋሼ ሸሚዛቸውን ወደ ታች ሳቡት። ጃኬታቸውን ለበሱ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ሁለተኛውን፤ ሳይቸኩሉ፣ እስከ አንገታቸው። ሁላችንም ጠበቅናቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ፣ «እርስዎ ከሰሙ... ይበቃል። ለቀሩት... እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሊቀመንበሩ አየው፤ ጋሼን አየ፤ ድሬሰሩን አየ። ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በዘበኞቹ ፊት የተናገረውን ቃል ማጠፍ አሳፍሮት ይሆናል። «ጫኑት» አለ። ጋሼን በመኪና ሆስፒታል ወሰዷቸው። እኔ ሳልገረፍ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ማዳመጫው ምስማሩ ላይ ቀረ።

ከሳምንታት በኋላ በሩ ተከፈተና ጋሼ በእግራቸው ገቡ። ከስተዋል፤ ነገር ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ ይናገራሉ። በብብታቸው ሥር ቱቦ የገባበትን ቀዳዳ ለሁሉም አሳዩ። ደሙ ወደ ጠርሙስ እየወረደ አረፋ ሲደፍቅ መዋሉን፣ እዚያ ያለው ሐኪም «ማን ነው ያገኘልዎት?» ሲላቸው «ተናጥኩ» ብለው መመለሳቸውን፣ ሐኪሙ ስቆ ስቆ መነጽሩን ማውለቁን ነገሩን። ወፍራሙ ሰው የደበቀውን ጣሳ አምጥቶ ውሃ አጠጣቸው። በዚያ ቀን በሕክምና ትምህርት አመንኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ያዳኗቸው የገራፊዎቹ ጥያቄ ስላላለቀ ነው። ጥቂት ቀን አሳረፏቸውና አንድ ጠዋት ዘበኛው ስማቸውን ጠራ። «ዕቃህን ተወው» አላቸው። ዕቃህን ያዝ ከተባለ የሚፈታም የሚዛወርም አለ። ተወው የተባለ ሲመለስ አላየንም።

ጋሼ ተነሡ። ዘበኛው በሩ ላይ እየጠበቀ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አዳምጠኝ» አሉ።

ጆሮዬን ከጀርባቸው ለጠፍኩ። በቀኝ፣ በግራ፣ ከላይ እስከ ታች። ትንፋሹ እንደ ልብ ይገባል፣ ይወጣል። ጆሮዬን ማንሣት አቃተኝ፤ ዘበኛው «ቶሎ በል» አለ።

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያ በሙሉ ደረቴ ነው የምቀርባቸው» አሉ። የመጨረሻዋን የአንገት ቁልፍ ቆለፉ፤ ለክፍሉ «እግዜር ያስፈታችሁ» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው መጡ። ከበሩ ሲመልሷቸው በቆርቆሮው በኩል ሰማን። «ከእንግዲህ አታምጪ» ነው ያሏቸው፤ ሌላ ምንም አላሏቸውም።

ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያዳንኳቸው ለማን ነው? ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማወቅ ግን አያስተኛም።

እኔ ተፈታሁ፤ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ሸመገልኩ። ሐዲዱ ተነቃቅሏል፤ መጋዘኑ የነበረበት ቦታ ሌላ መጋዘን ቆሟል። አሁን ተማሪዎች አስተምራለሁ። ራጁም፣ አልትራሳውንዱም፣ ሁሉም አለ። ስለ ደረት ውሃ ስናነሣ ያን የጥንት መናጥ ለታሪክ ያህል እነግራቸዋለሁ፤ ሁሌም ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። በሽተኛ ዘንድ ስንሄድ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እይዛቸዋለሁ፤ ሳያስፈቅዱ እጃቸውን የሰው ገላ ላይ እንዳያሳርፉ፤ አይተው ሲጨርሱም በሽተኛው ልብሱን እስኪቆልፍ ቆመው እንዲጠብቁ። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ እርስዎ በጆሮዎ ሰምተውት ያውቃሉ?»

«አዎ፣ አንድ ጊዜ።»

«በሽተኛውስ ዳነ?»

«ዳኑ» አልኳት።

አልዋሸሁም። የገደሏቸው ድነው ነው።